ዘጠኝ ወር የተያዘ መርዶ

በሁለት ሺህ አሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ሚያዝያ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ በካርቱም ከተማ ሙቀቱ ከማለዳ ጀምሮ ፊት ይጋረፍ ነበር፤ ከጎጃም የሚወርደው ዓባይ በበጋ ልማዱ ቀጥኖና ጠርቶ ከነጩ ወንዝ ጋር ይገናኛል፤ ነፋስ ስለሌለ የመንገዱ አቧራ እንኳ አልተነሣም። ከወንዙ ዳር የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ፣ ግቢው ሰፊ፣ ግድግዳው ግን ያረጀ ቤት ነበረ፤ በዚያ ሰሞን በዚህ ቤት ሁለት ጾም በአንድ ጣሪያ ሥር ይጾም ነበር። የቤቱ እመቤት ሐጃ አምና የተባሉ ባልቴት ሮመዳንን ይጾማሉ፤ ምግብ የምታበስልላቸው ስሜነሽ ክንዴና ታናሽ እህቷ ሸጋ ደግሞ ሁዳዴን ጨርሰው በሰሙነ ሕማማት ላይ ነበሩ። ፀሐይ ስትጠልቅ ሦስቱም ከአንድ ትሪ ባቄላ ይበላሉ፤ «ባቄላ ሃይማኖት የለውም» ትል ነበር ሸጋ።

ስሜነሽ ያን ጊዜ ዕድሜዋ ሠላሳ ዘጠኝ ነበረ። የተወለደችው በአዊ ምድር፣ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ በዘንገና ሐይቅ ዙሪያ ካሉት መንደሮች በአንዱ ነው። አባቷ አቶ ክንዴ በአገሩ ሰው አፍ «ግራዝማች» ይባላሉ፤ ማዕረጉ በንጉሡ ዘመን ለአባታቸው የተሰጠ ነበር፤ ዘመኑ አልፎ ሹመቱ ሲሻር ስሙ ከፈረሱና ከቁራጭ መሬቱ ጋር ለልጅየው ተላለፈ፤ የሚያነሣባቸውም ሰው አልነበረም። ስሜነሽ ገና በልጅነቷ ተድራ፣ ልጅ አልወለድሽም ተብላ ከትዳሯ ተመለሰች፤ በሃያ ሁለት ዓመቷም በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተሻገረች። አሥር ዓመት ቆይቶ ሸጋ ተከተለቻት። ስሜነሽ ሸጋን በሕፃንነቷ አዝላ ያሳደገቻት ናትና፣ በስም እህት ይባባሉ እንጂ በልቧ ልጇ ነበረች።

ሸጋ በአንድ የጸጉር ቤት ሹሩባ ትሠራለች፤ ሐጃ አምናም ከእህቷ ጋር በጓሮው ክፍል እንድትኖር ፈቀዱላት። የሁለቱ ሕይወት በሰው ዓይን የሚቆጠር ታላቅ ነገር አልነበረበትም፤ ዓርብ ዓርብ ሥራ ስለማይኖር ወደ ወንዙ ዳር ይወርዳሉ፤ ሐብሐብ ገዝተው በድንጋይ ይሰብሩታል፤ ሸጋ ፍሬውን ወደ ውሃው እየተፋች የማን ይርቃል ብላ ትወራረዳለች። ክረምት ሲሆን ውሃው ቡና መስሎ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ጫማዋን አውልቃ ትገባና «ይህ ከአባባ ማሳ ታጥቦ የመጣ አፈር ነው፤ በነፃ ነው» ትላለች። ለሐጃ አምናም አንድ ቃል አማርኛ አስተማረቻቸው፤ «እንዴት አደርሽ» የሚለውን። ሐጃዋ ቃሉን እጅግ ወደዱት፤ ጧትም ማታም፣ ዳቦ የሚያመጣውን ሰውዬ ሳይቀር «እንዴት አደርሽ» ይሉት ጀመር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የግራዝማች ክንዴ ስልክ ይጠበቃል። በመንደሩ ኔትወርክ ደካማ ስለሆነ ግራዝማች ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ጉብታው ይወጣሉ፤ ጥያቄያቸውም ለዓመታት አልተለወጠም።

«እህል ትበላላችሁ?»

«እንበላለን፣ አባባ።»

«ቤተ ክርስቲያን ትስማላችሁ?»

«እንስማለን።»

«በሉ እንኪያ፣ እናታችሁን ላቅርብ።»

እናታቸው ወይዘሮ ምህረቴ በአዊኛ ያወራሉ፤ ሸጋ ስትስቅ እሳቸውም ይስቃሉ፤ የሚያስቀው ምን እንደሆነ ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም። በየዓመቱ ጥር ሃያ ሦስት፣ ፈረሰኞች በእንጅባራ ሜዳ ሲጋልቡ ግራዝማች ስልካቸውን ከፍ አድርገው ይይዙላቸዋል፤ ሁለቱ እህቶችም በካርቱም ጓሮ ቁጭ ብለው የኮቴውን ድምፅ ያዳምጣሉ።

ሚያዝያ ሰባት ቀን ቅዳም ሹር ነበር። ለፋሲካ ጸጉራቸውን የሚሠሩ ሴቶች ቀጠሮ ይዘው ስለነበር ሸጋ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ጫማዋን አጥልቃ በር ላይ ደረሰች። ያን ጊዜ ከአየር ማረፊያው በኩል ምድሩ ተንቀጠቀጠ።

«ነጎድጓድ ነው?» አለች ሸጋ።

ሐጃ አምና ከአልጋቸው ላይ ሆነው በዓረብኛ መለሱ። «ነጎድጓድ በዚህ ወር የለም። ግቢ፣ በሩንም ዝጊ።»

የአገሩ ሁለት ጦሮች፣ ትናንት አብረው ከተማውን ሲጠብቁ የነበሩት፣ በዚያች ጧት እርስ በርስ መዋጋት ጀመሩ። መብራት ጠፋ፤ በሦስተኛው ቀን የቧንቧው ውሃ ተቋረጠ። የፋሲካ ዕለት ማንም ወደ ቤተ ክርስቲያን አልወጣም። ሐጃ አምና እየጾሙ፣ በቀረችው ጋዝ አራት እንቁላል ቀቅለው በሳህን አቀረቡላቸው። «የእኔ በዓል ጥቂት ቀን ቀርቶታል፤ የእናንተ ዛሬ ነው፤ ብሉ» አሉ። እህቶቹ ከአልጋው ሥር ተቀምጠው ጾማቸውን ፈቱ።

ውሃ የሚገኘው ሁለት መንገድ ተሻግሮ ካለ የመስጊድ ጉድጓድ ነበር፤ ተኩሱ ጋብ ሲል በየተራ ይቀዳሉ። ሚያዝያ አሥራ ሁለት ቀን ተራው የስሜነሽ ነበር። የዳቦ ሊጥ ስታቦካ እጇ ዱቄት ስለነበር ሸጋ ጀሪካኑን አነሣች።

«እትዬ፣ አንቺ ሊጡን ጨርሺ፤ እኔ እግሬ ፈጣን ነው» አለች።

ስሜነሽ «እሺ» አለች። በመካከላቸው የመጨረሻው ቃል ይህ ሆነ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጎረቤታቸው መምህር ዑስማን ከሌላ ሰው ጋር ሸጋን በተነቀለ የበር ሳንቃ ላይ አስተኝተው አመጧት። ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ጥይት ከአንገቷ በታች አግኝቷት ነበር፤ በሩን ሳታልፍ ነፍሷ ወጣች። ወደ መካነ መቃብር የሚወስደው መንገድ በወታደር ተዘግቷል፤ ቄስ የሚጠራበት ስልክም አይሠራም። መምህር ዑስማን በግቢው ጥግ፣ ከሎሚው ዛፍ አጠገብ ቆፈሩ፤ ሲደክማቸው ስሜነሽ ትቀበላቸዋለች። ሐጃ አምና ውሃ እጅግ ብርቅ በሆነበት በዚያ ቀን የቀረውን አንድ ማሰሮ ውሃ አስቀርበው ከስሜነሽ ጋር አጠቧት፤ ነጭ አንሶላም ከሳጥናቸው አወጡ። ስሜነሽ በቃሏ የምታውቀው አቡነ ዘበሰማያትን ብቻ ነበር፤ እሱን ሦስት ጊዜ ደገመች።

ከዚያም እጇን ታጠበችና ወደ ማድ ቤት ገባች። ሊጡ ኩፍ ብሎ ነበር፤ ጋገረችው። ሐጃ አምና በማግሥቱ ዒዳቸው ነበር፤ ያን ዳቦ በሻይ ነክረው በሉ፤ ስሜነሽም በላች፤ ጣዕሙ እንደ ወትሮው ዳቦ ነበር፤ በኋላ ዘመን ከሁሉ ይልቅ የሚገርማት ይህ ነገር ሆኖ ቀረ።

ሸጋ በተቀበረች በስድስተኛው ቀን የሐጃዋ ልጅ በትንሽ የጭነት መኪና መጥቶ ሁለቱን ወደ ዋድ መዳኒ ወሰዳቸው። በዚያ ሲለያዩ ሐጃ አምና የስሜነሽን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙ። «ለእናቷ ምን ትያለሽ?» ብለው ጠየቁ። ስሜነሽ በገዳሪፍ አልፋ፣ በገላባት የሰው ብዛት መሐል ሦስት ቀን ቆይታ፣ በመተማ አገሯ ገባች፤ በጎንደርና በባሕር ዳር፣ በዳንግላም በኩል አድርጋ ሚያዝያ ሃያ ሰባት ቀን እንጅባራ ደረሰች። ከተማው በጉም ተሸፍኖ ነበር፤ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የናፈቀችው ብርድ ጉልበቷን ያዛት፤ ነገር ግን አገሯ መድረሷ በውስጧ አልተሰማትም። ባጃጁ ከዋናው መንገድ አወረዳት፤ የቀረውን በእግሯ ሄደች።

ወይዘሮ ምህረቴ ከቀርከሃው አጥር ደጅ ቆመው አዩአት። ይዘውት የነበረውን ሰፌድ ጥለው ሮጡ፤ አንገቷን አቅፈው አገላብጠው ሳሟት፤ ከዚያም በትከሻዋ በላይ መንገዱን አዩ።

«ሸጋስ?» አሉ።

«ከአሠሪዎቿ ጋር ወደ ግብፅ ተሻገረች። ደህና ናት» አለች ስሜነሽ።

ይህን ለማለት አላሰበችም ነበር። በመንገዱ ሁሉ ያዘጋጀችው ሌላ ቃል ነበር። ነገር ግን ወዲያው እልልታው ቀለጠ፤ ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ግራዝማች ከማሳ ተጠርተው መጡና ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ምሥራቅ ሰገዱ። «አንዷን በእጄ የሰጠኝ፣ ሌላዋን በሰው አገር የጠበቀልኝ አምላክ ይመስገን» አሉ። በዚያው ቀን በግ ታረደ። ስሜነሽ ከተቆረሰላት በላች።

ከዚያ ወዲያ ሸጋ በግብፅ መኖር ጀመረች። ወይዘሮ ምህረቴ ይጠይቃሉ፤ ስሜነሽ ትመልሳለች፤ ብርድ አለ ወይ ሲሏት በክረምት ትንሽ አለ ትላለች፤ የጾም ምግብ ታገኛለች ወይ ሲሏት ባቄላ ሞልቷል ትላለች። ለምን አትደውልም ሲባል አሠሪዎቿ ስልክ አይፈቅዱም አለች። በነሐሴ ወር በክልሉ ጠብ ተነሣ፤ አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፤ ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ስልኩም መንገዱም አንድ ቀን ሲከፈት አንድ ቀን ይዘጋ ነበር፤ ልጁ በሩቅ ያለበት ቤት ሁሉ ጨነቀው። ለሌላው መከራ የሆነው ዝምታ ለስሜነሽ መሸሸጊያ ሆነላት፤ የማንም ልጅ አይደውልምና የሸጋ አለመደወል ከሌላው ተለይቶ አልታየም።

ስሜነሽ ድንች ትኮተኩታለች፤ ለፈረሱ ሣር ታጭዳለች፤ በሰንበት ቤተ ክርስቲያን ትስማለች። ሌሊት ሕልም አይመጣባትም። አንድ ቀን ማጭዱ ጣቷን ቆርጧት ደሙ እስኪወርድ ድረስ አላወቀችም፤ አይታ ጨርቅ ጠቀለለችበትና ማጨዷን ቀጠለች። የመንደሩ ሴቶች «ዝምተኛ ሆና ተመለሰች» ከማለት በቀር ያሙባት ነገር አልነበረም።

በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥር ሃያ ስምንት ቀን፣ ሦስት ሽማግሌዎች ከአዘና መጡ። መሪያቸው አቶ ዓባይነህ የተባሉ የታወቁ ገበሬ ነበሩ። ልጃቸው አወቀ በገዳሪፍ እርሻ ሲሠራ ቆይቶ የተመለሰ ሲሆን፣ ከሸጋ ጋር በአንድ በዓል ካርቱም ላይ ተዋውቀው ዓመት ሙሉ በስልክ ሲነጋገሩ ኖረዋል። ጦርነቱ ሲነሣ ድምፅዋን አጣ፤ ግብፅ ናት መባሉንም በሰው በሰው ሰማ። ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ በራፍ ላይ ቆመው ካልተቀበሉን አንቀመጥም አሉ፤ ግራዝማችም አስቀመጧቸው።

«ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል፣ ግራዝማች» አሉ አቶ ዓባይነህ። «ያለችው በሩቅ እንደሆነ እናውቃለን። ልጁ እጠብቃታለሁ ብሏል። እኛ የምንሻው የእርስዎን ቃል ነው።»

ግራዝማች ጥቂት አሰቡና ወደ ስሜነሽ ዞሩ። «አንቺ አብረሻት ነበርሽ። ልጅቱ ይህን ሰው ትወደዋለች?»

ስሜነሽ ጠላ ልትቀዳ ቆማ ነበር። ሸጋ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሐል ይዛ፣ ከጓሮው ጥግ ወደ ጥግ እየተመላለሰች የምትስቀው ሳቅ ታወሳት። በዚህ ነገር ልትዋሽ አልፈለገችም።

«ትወደው ነበር» አለች።

ሽማግሌዎቹ ደስ አላቸው። ግራዝማች ግን ልጃቸውን ትክ ብለው አዩአት፤ ቆይተውም «እንግዲያስ ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ ስትመጣ የእናንተ ናት» አሉ። በዚያ አገር የግራዝማች ቃል ከወረቀት ይጸናል፤ ሌላ ጠያቂ ቢመጣ አይቀበሉም፤ አወቀም ሌላ ሴት አያይም።

በማግሥቱ ስሜነሽ ወደ ቤተሰቡ የንስሐ አባት ወደ ቄስ መሳፍንት ሄደች። ቄሱ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የወደቀ የድንጋይ ካብ ያነሡ ነበር።

«አባቴ፣ ሸጋ ሞታለች» አለች።

ቄሱ የያዙትን ድንጋይ አስቀመጡ። «መቼ?»

«በሚያዝያ። ፋሲካ በዋለ በአራተኛው ቀን። እኔ ነኝ የቀበርኋት።»

«ከአንቺ ሌላ ማን ያውቃል?»

«እዚህ ማንም።»

«ያለ ፍትሐት ዘጠኝ ወር» አሉ ቄሱ ቀስ ብለው። ከዚያም «አንቺስ አልቅሰሽላታል?» ሲሉ ጠየቋት።

«አልመጣልኝም፣ አባቴ። እንዲመጣ ጠብቄ ነበር። መጀመሪያ እሱ ይመጣና ከዚያ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር።»

ቄስ መሳፍንት ካቡ ላይ ተቀመጡ። ሊቆጧት አስበው ነበር፤ ፊቷን አይተው ተዉት። «ልቅሶ እግዜር ሲሰጥ ነው፤ በግድ አይወጣም» አሉ። «መርዶ ግን ለራስሽ አይቀመጥም፤ የእናቷ ነው፤ የአባቷ ነው፤ አሁን ደግሞ የዚያ ልጅ ሆኗል። በይ ሂጂ፤ ለማንም አትናገሪ። በወጉ ይነገራል።»

ቄሱ ያን ቀን በሚኒባስ አዘና ወርደው ለአቶ ዓባይነህ ነገሩ። ሦስቱ ሽማግሌዎችም ቃሉን የተቀበልን እኛ ነን፣ መልሰን የምናስረክብም እኛ ነን አሉ።

የካቲት አራት ቀን፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ግራዝማች ክንዴ ለፈረሳቸው ገብስ ይሰጡ ነበር። በቀርከሃው አጥር በኩል ሰዎች ሲገቡ አዩ፤ ቄስ መሳፍንት ከፊት፣ አቶ ዓባይነህና ሁለቱ ሽማግሌዎች ከኋላ፤ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ነበር፤ ከእነሱም በስተኋላ ራቅ ብሎ አንድ ረዥም ወጣት ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሟል፤ አወቀ ነበር።

«ግራዝማች፣ እባክዎ ይቀመጡ» አሉ ቄሱ።

«ለሠርግ የመጣ ሽማግሌ በዚህ ሰዓት አይመጣም» አሉ ግራዝማች። «ቆሜ እሰማለሁ። ይናገሩ።»

ቄሱ ተናገሩ። ወይዘሮ ምህረቴ ከቤት ወጥተው ነበርና ቄሱ ቃላቸውን ሳይጨርሱ ሰሙ፤ ጩኸታቸው ሐይቁ ድረስ ተሰማ ይባላል። መንደሩ ተሰበሰበ። ሴቶቹ በአዊኛ እያወረዱ ደረት መቱ፤ የሸጋን መልክ፣ የሸጋን ጸጉር አነሡ። ስሜነሽ በእናቷ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ነጠላዋን እንደ ሌሎቹ አዘቅዝቃ ለብሳ ነበር፤ ዓይኗ ግን ደረቅ ነበር። ከጥግ በኩል አንዲት ሴት ለሌላዋ «የሰው አገር ልቧን አድርቆታል» ስትል ሰማቻት። እውነት መስሎ ታያት፤ አልተቀየመችም።

ቀትር ላይ ግራዝማች ከወንዶቹ መሐል ተነሥተው ወደ ፈረሱ ጋጥ ሄዱ፤ ስሜነሽን አስጠሩ።

«አንቺ ነሽ የቀበርሻት?»

«እኔና አንድ ጎረቤት፣ አባባ።»

«ፊቷን ወዴት አደረጋችሁት?»

«ወደ ምሥራቅ።»

«መልካም።» የፈረሱን አንገት በመዳፋቸው ዳበሱ። «በዚያ ቀን ‹ትወደው ነበር› ስትዪ ሰምቼሻለሁ። ልጠይቅሽ ነበር፤ ፈራሁ። ቃሌን የሰጠሁት ካልጠየቅሁ ትኖር ይሆናል ብዬ ነው። ሽማግሌ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ያደርጋል።»

«ተራው የእኔ ነበር» አለች ስሜነሽ። ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም። «ውሃ የመቅዳቱ ተራ የእኔ ነበር።»

ግራዝማች የትከሻቸውን ጋቢ አውርደው ከጫንቃዋ ላይ ጣሉላት፤ ቀኑ ብርድ አልነበረም፤ ወደ ልቅሶውም አብረው ተመለሱ።

በሠልስቱ ማግሥት ለቀስተኛው ሲቀንስ፣ ወይዘሮ ምህረቴ ድምፃቸው ተዘግቶ በሹክሹክታ ተናገሩ። «አሟሟቷን ሰው ሁሉ ጠየቀሽ፤ እኔ አልጠይቅሽም። ኑሮዋን ንገሪኝ። ምን ያስደስታት ነበር?»

ስሜነሽ ስለ አንድ ብስክሌት ነገረቻቸው፤ የሐጃዋ ልጅ ትቶት የሄደ አሮጌ ብስክሌት በግቢው ውስጥ እንደነበረ፤ ሸጋ በሃያ አራት ዓመቷ ልማረው ብላ ስትነሣ ሐጃ አምና በከዘራቸው መንገድ እያሳዩ እንደጮኹባት፤ አሥር ጊዜ ወድቃ በአሥራ አንደኛው ግቢውን እንደዞረች፤ «የፈረሰኛ ልጅ ነኝ፤ ይህም ጀርባ አለው» እንዳለች፤ ከዚያ በኋላ ዓርብ ዓርብ ጠዋት ቀሚሷን ሰብስባ መንገዱን እንደ ጋላቢ ስታልፍ የሰፈሩ ሴቶች ከበራቸው ወጥተው ያዩአት እንደነበር። ወይዘሮ ምህረቴ ሳቁ፤ ሳቁም ወዲያው ልቅሶ ሆነ፤ እያለቀሱም «ቀጥዪ» አሉ። ስሜነሽ ቀጠለች። ድምፅዋ አልተሰበረም፤ እንባም አልመጣላትም፤ ነገር ግን እስከ ማታ ድረስ ተናገረች፤ በዘጠኝ ወር ውስጥ ይህን ያህል ስትናገር የሰማት ሰው አልነበረም።

ፍትሐቱ ተፈታ፤ ተዝካሩም ከዓቢይ ጾም በፊት ወጣ። አወቀ ለዓመት ያህል በየበዓሉ እየመጣ ግራዝማችን ጠየቀ፤ ኋላ ሌላ አገባ፤ ግራዝማችም በሠርጉ ላይ ተገኝተው መረቁት። ስሜነሽ በእንጅባራ ገበያ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይታ ዳቦ ትጋግራለች፤ ሰው ዳቦዋን ይወደዋል። አለቀሰች ወይም አላለቀሰችም የሚለውን ነገር መንደሩ ከረሳው ቆይቷል፤ እሷ ግን አላለቀሰችም።

ስለዚያ ጦርነት የሚጽፉ ሰዎች የጀመረበትን ቀን፣ የጄኔራሎቹን ስም፣ የተቃጠለውን ሕንፃ ጽፈዋል። በመተማ በኩል የገባውም ሰው ተቆጥሯል፤ በድንኳን ሥር የተቀመጠ ጸሐፊ በሚያዝያ ወር ከመዘገባቸው መካከል «ስሜነሽ ክንዴ፣ ሴት፣ ሠላሳ ዘጠኝ፣ አዊ» የሚል አንድ መስመር አለ፤ «አብሮ የመጣ ቤተሰብ» በሚለው ሥር «የለም» ተብሎ ተሞልቷል። ጸሐፊው የጻፈው እውነት ነው። የሞቱትን የቆጠሩ ደግሞ በሆስፒታል በር ያለፉትን ቆጠሩ፤ በግቢ ጥግ የተቀበሩት በዚያ ቁጥር ውስጥ የሉም። በዘንገና አጠገብ ባለችው ቤተ ክርስቲያን ብቻ፣ ካህናት በሚያዝያ አሥራ ሁለት የሸጋን የክርስትና ስም፣ ወለተ ኪዳን የሚለውን፣ ያነሣሉ፤ ይህች ወለተ ኪዳን ማን እንደነበረች፣ በየት አገር እንደኖረችና በምን እንደሳቀች የሚያውቀው ሰው ግን በየዓመቱ ይቀንሳል።